ለመጀመሪያ የአጋዘን አደን የትኛው ጠመንጃ፣ የትኛው ጥይት ይሻላል?

ጥያቄ፦ አዲሱ አዳኝ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ። ከዴንቨር አጠገብ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ መኖሪያ ፈቃዴም ግሪን ካርድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በየዓመቱ አደን ይወጣል፤ ዘንድሮ ለእኔም የአጋዘን ዕጣ ወጥቶልኝ በኅዳር ወር አብረን ልንሄድ ነው። የአዳኞችን ትምህርት ወስጄ ምስክር ወረቀቱን ይዣለሁ። የቀረኝ ጠመንጃው ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የጦር መሣሪያ መደብር ገብቼ ግራ ተጋብቼ ወጣሁ። ሻጩ .308፣ .30-06፣ 6.5 ክሪድሙር እያለ ሲደረድርልኝ የሎተሪ ቁጥር የሚያነብ መሰለኝ። በመጨረሻ .300 ዊንቸስተር ማግነም አሸክሞኝ «ይህን ከያዝክ ሌላ አያስፈልግህም» አለኝ። በጥይቱ ሳጥን ላይ ደግሞ 150፣ 165፣ 180 ግሬን ተብሎ ተጽፏል። የባሩዱ ክብደት ነው? አገር ቤት አባቴ ምንሽር ነበረው፤ እኔም ክላሽንኮቭ ተኩሼ አውቃለሁ፤ እውቀቴ እዚያ ላይ ያበቃል። አሁን አጋዘን፣ ወደፊት ደግሞ ከእርሱ የሚበልጠውን ኤልክ የተባለ እንስሳ የሚጥል አንድ ጠመንጃ ብቻ መግዛት እፈልጋለሁ፤ ከነመነጽሩ ከ900 ዶላር ባይበልጥ ደስ ይለኛል። ቀጭን ነኝ፤ ቁመቴ 1.68 ሜትር ነው። ወይስ ክላሽ ይዤ ብወጣ ይበቃኛል?

መልስ፦ መካኒኩ (ፎርት ኮሊንስ)

ማግነሙን እዚያው መደርደሪያው ላይ ተወው። መጥፎ ጥይት ሆኖ አይደለም፤ ርቆ ለሚተኩስና ትከሻው ለለመደ ሰው ጥሩ ነው። ጀማሪ ግን ሦስቴ ተኩሶ አራተኛው ላይ ዓይኑን ይጨፍናል።

ቁጥሮቹን ልፍታልህ። .308 የእርሳሱ፣ ማለትም ከአፈሙዙ ተወርውሮ የሚወጣው የጥይቱ ክፍል፣ ውፍረት በኢንች ነው፤ 7.82 ሚሊሜትር ያህል። .30-06 ላይ 30ው ያው የአፈሙዙ ስፋት ሲሆን 06 ዓመት ነው፤ የአሜሪካ ጦር ጥይቱን የተቀበለው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም የሚወረውሩት አንድ ዓይነት እርሳስ ነው። የሚለያዩት ባሩዱን በሚይዘው ቀለህ ነው፤ የ.30-06 ቀለህ 63 ሚሊሜትር ሲረዝም የ.308ቱ 51 ነው። .308 በ1952 ለገበያ ሲወጣ ባሩዱ ስለተሻሻለ በአጭር ቀለህ ተቀራራቢ ጉልበት ማግኘት ተችሎ ነበር። ባለ 150 ግሬኑ እርሳስ ከ.308 በሰከንድ 860 ሜትር፣ ከ.30-06 ደግሞ 890 ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህን ልዩነት የሚያውቀው ሳጥኑ ነው እንጂ አጋዘኑ አይደለም።

ግሬን የእርሳሱ ክብደት ነው፤ የባሩዱ አይደለም። ስሙ በእህል ፍሬ ይመዘን ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። አሥራ አምስቱ ግሬን ወደ አንድ ግራም ይጠጋል፤ ስለዚህ 165 ግሬን ከ10 ግራም ትንሽ ያልፋል። ለአጋዘን 150 ይበቃል፤ ለኤልክ 165 ወይም 180 ውሰድ።

ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ልትለው የሚገባው የእርሳሱ ዓይነት ነው። የኮሎራዶ ደንብ ለትልልቅ እንስሳት ሲመታ የሚሰፋ እርሳስ ይጠይቃል። ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተለበጠው የጦር ሜዳ ጥይት በቀጭኑ በስቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ይሮጥና ጫካ ገብቶ ይሞታል፤ አንተም ሥጋውን ሳታገኝ ኃጢአቱን ይዘህ ትመለሳለህ። ውፍረቱ ከ.24 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ክብደቱ ለአጋዘን ከ70፣ ለኤልክ ከ85 ግሬን በታች መሆን አይችልም። በዚህ ምክንያት .223 ከነጭራሹ አይፈቀድም። ክላሽ ግን፣ የሚሰፋ እርሳስ እስካጎረስከው ድረስ፣ በጥይቱ ውፍረት የተነሣ አይከለከልም፤ ራሱን በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ካዝናውና ጥይቱ የሚተኮስበት ጉሮሮው ተደምሮ ከስድስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም እንጂ። ቢሆንም ከ150 ሜትር በኋላ ጉልበቱ ይከዳሃል፤ ኤልክ ላይ ደግሞ ባትሞክረው ይሻላል።

የእኔ ምክር .308፣ በእጅ ቃታ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ሩገር አሜሪካን ወይም ሳቬጅ አክሲስ አዲሱ እንኳ ከነመነጽሩ በገንዘብህ ልክ ይገኛል። ከግዢ በኋላ ጠመንጃው እጅህ እስኪገባ ሦስት ቀን ትጠብቃለህ፤ የክፍለ ሀገሩ ሕግ ነውና አትደንግጥ። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚታተም የዘንድሮውን መጽሔት ራስህ አንብበው።

መልስ፦ የቤዛ አባት (ሶልት ሌክ ሲቲ)

ከወንድሜ ከመካኒኩ ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ ኤልክ ካሰብክ ግን .30-06 ይሻልሃል ባይ ነኝ። ባለ 180 ግሬኑን እርሳስ በተሻለ ፍጥነት ይወረውረዋል፤ ጥይቱም በየትኛውም የገጠር ሱቅ አይጠፋም። አንድ ዓመት ሳጥኔን ቤት ረስቼ ወጥቼ ከነዳጅ ማደያ ገዝቼ አድኜበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላልፍም። ከጓደኛዬ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ሁለታችንም የየራሳችንን ጠመንጃ ይዘን ነበር፤ የእርሱ .308፣ የእኔ .30-06። ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ካዝናዬን ስሞላ ከእርሱ ሳጥን አንሥቼ ኖሯል። ሦስተኛው ጥይት ላይ ማጠሩን በጣቴ አወቅሁት። ቢጎርስና ቢተኮስ ኖሮ ቀለሁ በማይመጥነው ጉሮሮ ውስጥ ሊቀደድ፣ ጋዙም ወደ ፊቴ ሊመለስ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውንና የቀለሁን ግርጌ ሦስቱንም ሳላነብ አላጎርስም። የሁለት ሰው ጥይት አንድ ቦርሳ ውስጥ አይገባም።

መልስ፦ ትዕግሥት (ሚኒሶታ)

ወንዶቹ ስለ ጉልበት ሲከራከሩ እኔ ስለ ቁመትህ ልናገር። እኔም አጭር ነኝ። መደብር ስትገባ ሰደፉን በክርንህ እጥፋት ውስጥ አስገብተህ ክንድህን ወደ ምላጩ ዘርጋ። ጣትህ ያለ ችግር ምላጩ ላይ ካረፈ ልክህ ነው፤ ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሞብሃል። ሰደፉ የረዘመበት ሰው አንገቱን እያሰገገ ይተኩሳል፤ ዓይኑም ወደ መነጽሩ ይጠጋል። የእኔ ቀኝ ቅንድብ ላይ ያለችው የጨረቃ ቅርጽ ጠባሳ የመጣችው ከዚህ ነው፤ የባለቤቴን .30-06 ተውሼ ተኩሼ መነጽሩ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ሳመኝ። ደሙ እስከ አገጬ ወርዶ ነበር፤ አጋዘኑ ግን ቆሞ ያየኝ ነበር! በዓይንህና በመነጽሩ መካከል ዘጠኝ ሴንቲሜትር ያህል ይኑር። መነጽሩም ከሦስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ የሚያጎላው ዓይነት ይበቃሃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጨረሻ የገዛሁት 6.5 ክሪድሙር ነው። ሆርናዲ የተባለው ጥይት አምራች በ2007 ሲያወጣው ለኢላማ ውድድር አስቦ ነበር፤ አዳኞች ግን ወደዱት፤ ምክንያቱም ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ለስላሳ ነው፤ እርሳሱም ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነፋስ ብዙ አያስተውም። «ለትልቅ እንስሳ ያንሳል» የሚሉህ አሉ። ስዊድኖች ከመቶ ዓመት በላይ በ6.5 ሚሊሜትር ጥይት ሙስ የሚባለውን ከኤልክም የሚበልጥ እንስሳ ሲጥሉ እንደኖሩ ንገራቸው።

መልስ፦ መካኒኩ

እህቴ ትዕግሥት እውነቷን ነው፤ ሰደፉን ረስቼው ነበር። 6.5ን አልጠላም፤ ለኤልክ ግን ቅርብ ካልሆነና በጎን ካልቆመ አልተኩስበትም። በዚህ ባንስማማም ግድ የለም።

መልስ፦ የባሌው (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ለረጅም ዘመን የውጭ አገር አዳኞችን በባሌና በአርሲ ተራራ እየመራሁ ኖሬያለሁ፤ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። እናንተ አጋዘን የምትሉት ከእኛ የደጋ አጋዘን የተለየ መሆኑን አትርሱ፤ የእነርሱ በየዓመቱ ቀንዱን ይጥላል፤ የእኛው እስኪሞት ይዞት ይኖራል።

ስንት ዓይነት ጠመንጃ በእጄ አለፈ። አባቴ በውጅግራ ነው ያደጉት፤ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር ነበር፤ ጭሱ ሲነሣ ተኳሹ ራሱ አይታይም። እንግዶቼ ደግሞ .300 ማግነም፣ 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም፣ አንዳንዱም ለጎሽ የተሠራውን .375 ይዞ ይመጣ ነበር። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ሸለቆ ማዶ 250 ሜትር ላይ የቆመውን እንስሳ በብዛት የሚስቱት ትልልቁን የያዙት ነበሩ። ምላጩን ከመሳባቸው በፊት ትከሻቸው ይሸሻል፤ ዓይናቸው ይከደናል።

ልጄ፣ ይህ እንዳይይዝህ አንድ ዘዴ አለ። ኢላማ ቦታ ስትሆን ጓደኛህ ካዝናውን ይሙላልህ፤ ከእውነተኛው መካከል ለልምምድ የተሠራ ባዶ ጥይት ይደባልቅ፤ የትኛው እንደሚመጣ አንተ አትወቅ። ባዶው ላይ «ቀጭ» ሲል አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም። እስኪተውህ ድረስ ደጋግመው። በሃያ ጥይት የሚለቅህ አለ፤ ሁለት መቶ የሚፈጅበትም አለ።

መልስ፦ የቤዛ አባት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔም ነገ እሞክረዋለሁ።

ስለ ኢላማ ማስተካከል ልጨምር። በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር፣ ጥይትህ ከመሀሉ አምስት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲያርፍ መነጽሩን አስተካክል። ያኔ በ200 ያርድ መሀሉን ያገኛል፤ በ300 ደግሞ ሃያ ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል። ለመጀመሪያ ዓመትህ ከ200 ያርድ በላይ አትተኩስ። እንስሳው በጎን እስኪቆም ጠብቅና ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ደረቱ ከላይ እስከ ታች ለሦስት ቢከፈል በታችኛው ሲሶ ላይ አነጣጥር። ልብና ሳንባው እዚያ ነው።

መልስ፦ ሐሰን (ሚኒያፖሊስ)

ጠመንጃውን ጨርሳችሁታል። ሥጋውስ? እኛ ሙስሊሞች ምላጩን ስንስብ ቢስሚላህ እንላለን፤ ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስንበት ደግሞ እናርደዋለን። በእናንተ በኩልስ እንዴት ነው? ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ ባለፈው ዓመት አንድ ጭን ስሰጠው ተቀብሎ ለሌላ አሜሪካዊ ጎረቤት አሳልፎ ሰጠው፤ ቅር አላለኝም።

መልስ፦ ነርሷ (ዴንቨር)

ሐሰን፣ በእኛም ቤት አንዱ የሌላውን እርድ አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ጎረቤትህ ንቆህ አይደለም። እንስሳው ራሱ የተፈቀደ ነው፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ወንዶቹ ሥጋ ሲያዩ ጥሬውን ይመኛሉ። የዱር እንስሳ ሥጋ ቁርጥም ክትፎም አይሆንም፤ ጥገኛ ተሕዋስያን ይኖሩታል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ አጋዘንና ኤልክ ላይ የሚታይ፣ እንስሳውን አመንምኖ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታየውም እዚሁ ፎርት ኮሊንስ በ1967 ነው። ወደ ሰው ስለመተላለፉ ማስረጃ ባይኖርም ምግብ ማብሰል አምጪውን አያጠፋውም፤ ስለዚህ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠውን የናሙና ምርመራ አስደርግና ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን በረዶ ቤት አቆየው። ታሞ ከተገኘ አትብላ። አዎ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስና ባርኔጣም አትርሳ፤ ግዴታ ነው።

ጠያቂው፦ አዲሱ አዳኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያገለገለ ሩገር አሜሪካን በ.308 ከነመነጽሩ በ520 ዶላር ገዛሁ። ሰደፉን በክርኔ ለካሁት፤ ጣቴ ደረሰ። የቀረውን ገንዘብ ለጥይት አዋልኩት።

ትናንት ኢላማ ቦታ ሄጄ የጋሼን ዘዴ ሞከርኩ። ባልደረባዬ ባዶ ጥይቶች ደባለቀልኝ። የመጀመሪያው ባዶ ላይ አፈሙዙ አፈር ሊነካ ምንም አልቀረውም! ባልደረባዬ እስኪያለቅስ ሳቀ። አርባኛው ጥይት አካባቢ ግን ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረ፤ የመጨረሻዎቹ አምስት በ100 ያርድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ በሚያክል ክብ ውስጥ ገቡ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ወቅታችን የሚያበቃው ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ የምርመራው ውጤት ደግሞ ከጾሙ መግቢያ በኋላ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ሥጋውን ለገና ማቆየት ነው። ቋንጣ ለማድረግ ከበረዶ ከወጣ በኋላ ይዘለዘላል ወይስ መጀመሪያውኑ ዘልዝዬ ላስገባው?

መልስ፦ ነርሷ

ሙሉውን ጭን አስገባው። ለገና ሳምንት ሲቀረው ወደ ታችኛው ማቀዝቀዣ አውርደው፤ ገና ግማሽ በረዶ እያለ ዘልዝለው፤ ቢላዋው ያኔ ነው የሚታዘዝህ። ከበርበሬው በፊት ግን ከምድጃ ሙቀት አሳልፈው፤ እዚህ አገር እንደ ቤታችን ገመድ ላይ ብቻ ሰቅሎ መተው አያዋጣም። ስብ ስለሌለው ስትጠብሰው ቅቤ አትሰስትበት።