ኦገስት ላይ የሚያብብ ቁጥቋጦ፦ የትኛውን ሂቢስከስ ልግዛ?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ወገኖቼ። ሲልቨር ስፕሪንግ ታውንሃውስ ውስጥ ነው የምንኖረው። ከመኪና ማቆሚያው ጎን 4 ጫማ ስፋት ያላት መሬት አለችን፣ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ታገኛለች። ኤፕሪል ላይ ሰፈሩ አበባ በአበባ ይሆንና ጁላይ ሲገባ ቅጠል ብቻ ይቀራል። እኔ ደግሞ እስከ እንቁጣጣሽ የሚዘልቅ አበባ ነው ያማረኝ። ጎረቤቴ የሳሮን ጽጌረዳ የሚሉትን፣ ያንን በብርዱ ቅጠሉን የሚያራግፈውን ሂቢስከስ ተክላለች። ያምራል፣ ግን ዘሩ እየተበተነ እኔ ግቢ ድረስ መጥቶ ይበቅላል፣ ስነቅል ነው የምውለው። መሸጫ ሄጄ ሳይ ደግሞ የስሙ ብዛት! ብሉ በርድ፣ ዳያና፣ ሚነርቫ፣ ፐርፕል ፒላር... ዘር የማይበትንና ቦታዬ የሚችለው የትኛው ነው?

ጓሮ_ወዳድ፦
ብሉ በርድን ተዪው። ቀለሙ ልብ ይሰርቃል፣ ዘሩ ግን መዓት ነው። ከቀለም በፊት የዘሩን ነገር እዪ። እዚሁ ዲሲ ያለው ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፍና የቁጥቋጦ ምርምር የሚካሄድበት ትልቁ የአትክልት ቦታ) ከ1960ዎቹ ጀምሮ አዳቅሎ ያወጣቸው ዳያና፣ ሄለን፣ ሚነርቫና አፍሮዳይቲ የሚባሉ አሉ። ክሮሞዞማቸው በሁለት ፈንታ በሦስት እጥፍ ስለሆነ ዘር አይዙም ማለት ይቻላል፣ ቢይዙም ጥቂት ነው። ጉልበታቸው ዘር ላይ ስለማያልቅ ሲያብቡ ይቆያሉ። ዳያና ንጹሕ ነጭ ናት፣ የሌሎቹ አበባ ማታ ሲከደን የሷ ሌሊትም ክፍት ነው። ሄለን ነጭ ሆና መሃሏ ቀይ፣ ሚነርቫ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ አፍሮዳይቲ ሮዝ። እኔ ብሆን ዳያና።

ኪያ_ቨርጂኒያ፦
ክሬፕ ሜርትል ለምን አትተክዪም? እሱም በሙቀት ነው የሚያብበው።

ጓሮ_ወዳድ፦
ኪያ፣ ናቼዝ የሚባለውን ነጩን ከሆነ የምትዪው ከ20 ጫማ በላይ የሚሄድ ዛፍ ነው እኮ። ለ4 ጫማ መሬት አይሆንም።

አሌክስ_ችግኝ፦
ዳያናም ብትሆን አትመችም። ስታድግ ወርዷ 6 ጫማ ገደማ ይሆናል፣ የመኪናሽን በር መክፈት ያቅትሻል። በየዓመቱ መቀስ ይዘሽ ካልቆምሽ በስተቀር ፐርፕል ፒላር ይሻልሻል፣ ከ10 ጫማ በላይ ቢረዝምም ጎኑ ከ2 እስከ 3 ጫማ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ዘር አልባ አይደለም።

የሜሪላንዷ፦
ውይ! ጠባቡ ዘር አለው፣ ዘር የሌለው ደግሞ ሰፊ። ምን ይሻለኛል?

ጋሽ_ግቢ፦
ልጄ፣ ይሄ ከባድ አይደለም። ይህ ተክል የሚያብበው በዚያው ዓመት በሚያወጣው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ማርች መጀመሪያ ላይ፣ ቅጠል ሳያወጣ፣ ጠንከር አድርገሽ ብትከረክሚውም አበባው አይቀርብሽም፤ እንዲያውም ቁጥሩ ቢቀንስ ትልልቅ ይሆናል። ጁን ላይ ከከረከምሽው ግን የዓመቱን አበባ ነው የምትቆርጪው። ሚነርቫን ወይም ዳያናን ውሰጂና ጎን ጎኗን እየከረከምሽ ያዥ። በዓመት አንድ ጠዋት የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ችግኝ ስትነቅዪ ከመክረም ይሻላል።
አንድ ነገር ደግሞ። በጸደዩ ሁሉ ለምልሞ እሷ ብቻ ደረቅ እንጨት መስላ ብታያት ሞተች ብለሽ እንዳትነቅያት፣ ቅጠል የምታወጣው ዘግይታ ነው፣ አንዳንዴ ሜይ ድረስ። ቅርፊቷን በጥፍርሽ ጫር አድርጊ፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አለች።

አሌክስ_ችግኝ፦
በዚህስ ጋሼ ልክ ናቸው፣ መከርከሙን ካልሰነፍሽ። ጥንዚዛውንም ተዘጋጂበት፣ ጃፓኒዝ ቢትል የሚሉት አረንጓዴና ነሐስ መሳዩ ነው። ጠዋት ገና ሳይነቃቃ ሳሙና ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አራግፊው። በመጀመሪያው ዓመት ውኃ አታጓድዪባት፣ ከጠማት እምቡጡን ታረግፋለች።

የሜሪላንዷ፦
እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ሚነርቫን ልውሰድ። ዳያናም አጓጉታኛለች፣ ግን ነጭ ግድግዳ አጠገብ ነጭ አበባ አይታይም። አሁን ልትከላት ወይስ ልጠብቅ?

ጋሽ_ግቢ፦
በዚህ ሙቀት አትሞክሪው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር ላይ ትከያት፣ መሬቱ ገና ሙቀት ስላለው ሥር ትሰዳለች። ከመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ግን ራቅ አድርጊያት።

ባልኮኒ_ብቻ፦
ግቢ የሌለን ሰዎችስ? በማሰሮ የሚሆን የለም?

ጓሮ_ወዳድ፦
ሊል ኪም የሚባል አጭር አለ፣ ከ3 እስከ 4 ጫማ። ማሰሮው ትልቅ ይሁን፣ ከታች ቀዳዳ ይኑረው፣ ባልኮኒሽም ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ።