የመጀመሪያው ፋሲካችን ነው፣ ዶሮ ወጥ ለብቻዬ ሰርቼ አላውቅም፤ እርዱኝ

ሙሽሪት ከቱሉ ዲምቱ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተጋባነው ጥር ላይ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። ሙሽርነቱን ሳናጣጥም ጾሙ ገባ፣ ስለዚህ ትዳራችን እስካሁን በሽሮና በምስር ነው የቆመው። ሽሮዬ አይታማም፤ ባለቤቴም በሱ ተታሎ ባለሙያ ያገባ መስሎታል። አሁን ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ጉዴ ሊወጣ ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ባለ አንድ መኝታ። የሱ ቤተሰቦች ቢሾፍቱ ናቸው፣ የኔዎቹ ሽሮ ሜዳ። ባለፈው እሁድ አማቴ ደውለው "ፋሲካን እናንተ ጋ ነው የምንውለው፣ የምራቴን ዶሮ ልቅመስ" አሉኝ። በድንጋጤ "ደስ ይለናል" አልኩ። በማግስቱ እናቴ ደወለች። "የመጀመሪያውን ፋሲካ እዚህ ካልዋላችሁ ጎረቤት ምን ይለኛል?" ባለቤቴን ባማክረው "ሁሉንም እዚህ እንጥራቸው" ብሎ ተገላገለ። ቆጠርን፤ ከኛ ጋር 13 ሰው። ወንበራችን አራት።

ለ13 ሰው ስንት ዶሮ፣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይበቃል? እናቴ ስትሰራ እንቁላል ከመላጥ አልፌ አላውቅም። ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው፣ መብራቱ ደግሞ በዓል ሲደርስ መሄድ ያምረዋል። ዶሮው የሚሰራው ቅዳሜ ነው፣ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ጨውና በርበሬውን ሳልቀምስ በምን አውቃለሁ? ሌላ ደግሞ የባለቤቴ አክስት "አክፋይ እንዳትረሱ" ብለውናል። አክፋይ ምን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም፣ አፍረን አልጠየቅናቸውም።

የገላኗ፦
እህቴ መጀመሪያ ተረጋጊ። ለ13 ሰው ሁለት ዶሮ በቂ ነው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፣ ሁለቱ 24፤ ለሁሉም አንድ አንድ ደርሶት ለሚደግም ይተርፋል። እንቁላል 16 ቀቅይ፣ ሲላጥ የሚበላሽ አይጠፋም። ሽንኩርት 5 ኪሎ። ብዙ ነው እንዳትይ፣ ሲበስል ያልቃል፣ ሙሉ የነበረው ድስት ግማሽ አይሆንም።

በደቃቁ ይከተፍ። በመፍጫ የሚፈጩ አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ ውሃ ይተፋል። ዘይት ሳታደርጊ እያማሰልሽ ውሃውን ይጨርስ፣ መልኩ ሲጠቁር ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ በሻይ ብርጭቆ ሁለት፣ ከዚያ ትዕግስት። ሊይዝብሽ ሲል የፈላ ውሃ ጠብ እያደረግሽ፤ ቀዝቃዛ እንዳታስገቢበት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ መሃል ላይ ይገባል። የበርበሬው ጥሬ ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል ማለት ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ሶስት ሰዓት ተኩል የቆምኩበት ቀን አለ።

አራተኛ ፎቅ (ኮዬ ፈጬ)፦
እኔም አራተኛ ፎቅ ነኝና ስሚኝ። ቁሌቱን ሐሙስ ጨርሺው። ቅቤ እስካልገባበት ድረስ የጾም ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ቅዳሜ ምንም አይሆንም። የመቅመሱም ጣጣ በዚሁ ያልቃል፤ ሐሙስ ጾምሽን ስትፈቺ ቁሌቱን በእንጀራ ትቀምሺና ጨውና በርበሬውን ታስተካክያለሽ። ትንሽ ጨው እንዲያንሰው ተዪው፣ ዶሮውም ሲታጠብ ጨው ይነካዋል። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ስግደት ውለሽ ጉልበትሽ አይታዘዝሽም፣ ለዚያ ቀን ምንም ስራ አታቅጂ። ቅዳሜ የሚቀርሽ ቅቤው፣ ዶሮው፣ እንቁላሉና መከለሻው ነው።

ስለ መብራት፦ ባለፈው ገና ዶሮውን ድስቱ ውስጥ ከተን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ። ምን እናድርግ፣ ድስቱን እኔ በአንድ ጆሮ ባለቤቴ በአንድ ጆሮ ይዘን በደረጃ ወርደን ኮሙናል (የጋራ መገልገያ ቤቱ) ጋ በከሰል ጨረስነው። ስንደርስ ግማሹ ብሎክ እዛው ነው፣ ሁሉም ድስቱን ይዞ። በዓሉ እዛው ተጀመረ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከሰል ቀድመሽ ግዢ። ቤት ውስጥ ግን በር ዘግታችሁ እንዳታያይዙ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በከሰል ጭስ የሚታፈን ሰው እንሰማለን። ጀሪካኖችሽንም ሙሊ። ሁለት ዶሮ አጥቦ ማጽዳት የሚፈጀውን ውሃ ካላየሽው አታምኚውም።

ባል ነኝ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ጎረቤት ነን ማለት ነው። የባልሽን ስራ ልንገርሽ፣ አሳይው። ገበያ እሱ ይሂድ፣ አቃቂ ቅርባችሁ ነው። ማረድ የሱ፣ 5 ኪሎ ሽንኩርት መላጥም የሱ። እኔ አምና ዋጋ ሳይጨምር ብዬ ዶሮውን ማክሰኞ ገዝቼ በረንዳ ላይ አሰርኩት። አውራ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሲጮህ ከላይ ከታች ያለው ሁሉ ሰላምታ ነሳን። ዓርብ ማታ ወይ ቅዳሜ ጠዋት ይግዛ። ማረጃው ቅዳሜ ሰልፍ ስላለው በጠዋት ይውረድ።

የሀበሻ ዶሮ ከሆነ ቁሌቱ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የፈረንጅ ከሆነ ቶሎ ይፈርሳል፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ እየነካሽ እዪው። ሁለቱን በአንድ ድስት እንዳትቀላቅሊ፤ እኛ ቤት ተደርጎ አንዱ ጎማ ሌላው ገንፎ ሆነ።

ሚጡ፦
እኔ ለመቅመስ የጎረቤቴን የአምስት ዓመት ልጅ ነበር የጠራሁት፣ ገና ጾም አልጀመረም። "ጨው አለው?" ስለው "ይጣፍጣል"። ጨመርኩ። "አሁንስ?" "ይጣፍጣል፣ እንቁላል ስጪኝ"። በዓሉን ውሃ ስንጠጣ ዋልን። ሐሙስ ቅመሺ የተባልሽውን ስሚ።

የአቃቂዋ እናት፦
ልጄ፣ አለማወቅ ነውር የለውም። አክፋይ ለፋሲካ የሚወሰድ ስጦታ ነው። የክርስትና ልጅ ለክርስትና አባቱ፣ አማች ደግሞ ለሚስቱ ወላጆች ይወስዳል። እንግዲህ ባልሽ ለሽሮ ሜዳዎቹ ነው የሚወስደው። ድሮ ሙክት ተጎትቶ፣ ድፎ ዳቦና ጠጅ ተይዞ ነበር፤ ዛሬ እንደ አቅም ነው፣ ዶሮና ዳቦ ቢይዝም ማንም አይቆጥርበትም። ከአክፍሎት ጋር ብቻ እንዳታምታቱት፣ አክፍሎት ከስቅለት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ ሳይቀምሱ መቆየት ነው።

ወንበሩም ጭቅጭቁም የሚፈታው በዚሁ ነው። 13 ሰው አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ምን ያፋፍገዋል? እሁድ የቢሾፍቱዎቹን ተቀበሉ፣ ቀድመው የጠየቁ እነሱ ናቸው። ሰኞ ማዕዶት ነው፣ ያን ቀን አክፋያችሁን ይዛችሁ ሽሮ ሜዳ። እናትሽ የፈለገችው ጎረቤት እንዲያይላት ነው፤ አማቿ ጠቦት እየጎተተ ደጇ ሲገባ ደግሞ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ያያል። ሁለቱን ዶሮ ግን አትቀንሺ። የሰኞው ሳህን ከዚያው ይወጣል፣ ባዶ እጅሽን እናትሽ ደጅ እንዳትቆሚ።

ብልት ስትገነጥዪ መገጣጠሚያው ላይ ነው ቢላው የሚገባው፣ አጥንት አትስበሪ። በሎሚና በጨው ደጋግመሽ እጠቢ፣ የመጨረሻው ውሃ ጥርት ማለት አለበት። ፈረሰኛውን ለአማትሽ ባል አቅርቢ፣ የትኛው እንደሆነ እናትሽ ታሳይሽ። በጽሑፍ አይሆንም።

ሳቢ፦
እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለምንድነው ሁሌ የባል ወገን እሁድን የሚወስደው? እኔ አራት ዓመቴ ነው፣ "በሚቀጥለው እናንተ ጋ" እንደተባልኩ ነው ያለሁት። አሁኑኑ ተነጋገሩና ገና የሽሮ ሜዳ ነው ብላችሁ ለሁለቱም ወገን በስልክ አሳውቁ። ካልተናገራችሁት ልማድ ሆኖ ይቀራል።

የአቃቂዋ እናት፦
ሳቢ ልክ ነሽ። ሙሽሪት፣ እሱን ባልሽ ራሱ ለናቱ ይንገራቸው፣ አንቺ አትንገሪ።

ሙሽሪት ከቱሉ ዲምቱ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ባለቤቴም አንብቦ ሽንኩርቱ ጋ ሲደርስ ዝም ብሏል። አንድ ቀረኝ። አማቴ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚደርሱት። ዶሮው ላይ አግዙኝ ልበላቸው ወይስ ጨርሼ ልቆይ?

ሚጡ፦
ጨርሰሽ ቆዪ! አንዴ ማማሰያውን ከያዙ አይመልሱልሽም።

የገላኗ፦
በፍጹም። አግዙኝ በያቸው። የኔዋ ቁሌቱን አንዴ አሽትተው "ቅመም ቀንሺ" ያሉኝ ነው እስከ ዛሬ የምሰራበት። ደግሞ አብረው የሰሩትን ወጥ ማን ያማል?

አራተኛ ፎቅ (ኮዬ ፈጬ)፦
ቁሌቱ ያንቺ፣ ቅቤውና መከለሻው የሳቸው። ጠላ አማረኝ እንዳትይ ብቻ፣ ለጀማሪ አይሆንም፣ ከናትሽ ቤት አስመጪ። ቅርጫም ከገባችሁ ሙሉ መደብ ለሁለት ሰው ብዙ ነው፣ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ።

(ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ)

ሙሽሪት ከቱሉ ዲምቱ፦
እንኳን አደረሳችሁ! ቃል በገባሁት መሰረት ልንገራችሁ።

ቁሌቱን ሐሙስ ሰራሁ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ቆሜ። ባለቤቴ ሦስት ኪሎ ልጦ "ዓይኔ ጠፋ" ብሎ ሁለቱን ለኔ ተወልኝ፣ ይሁን። ቅዳሜ አማቴ ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ምንም አላሉም። ልቤ ቆመ። ከዚያ "ቅቤው የታለ?" አሉ። እንደተባለው ማማሰያው ከዚያ በኋላ ወደኔ አልተመለሰም፣ እኔም ደስ ብሎኝ እንቁላል ስልጥ አመሸሁ፣ እንደ ድሮዬ።

መብራት ጠፋ። አዎ። ግን ዶሮው ደርሶ ነበር፣ የጠፋው ድፎ ዳቦው ምጣድ ላይ እያለ ነው። አንድ ጎኑ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ በነጩ በኩል ገልብጠን ቀጤማ ላይ አስቀመጥነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከቤተክርስቲያን ተመልሰን መጀመሪያ ተልባ ጠጣን፣ አማቴ ናቸው ያዘዙት፣ 55 ቀን የጾመ ሆድ በቅቤ አይደነግጥ ብለው። ወጡ ጨው ትንሽ አንሶታል። አማቴ ቀምሰው ወደኔ ሳይሆን ወደ ልጃቸው ዞረው "ሽንኩርቱ በደንብ በስሏል" አሉ። ባለቤቴ ደግሞ "እኔ ነኝ የላጥኩት" አይልም!

ሰኞ ሽሮ ሜዳ ሄድን። ታክሲ የለም፣ ከጠቦት ጋር የሚጭን ደግሞ ጭራሽ። እስከ ሳሪስ ሁለት ሹፌር አወረደን። እናቴ በሩ ላይ ስታየን የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም፣ ግን ጎረቤቶች ሰምተዋል። ገና የነሱ እንደሆነም ባለቤቴ በሁለቱም ቤት ተናግሯል።

አሁን አዲስ ችግር መጣ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሚዜዎቹ እንመጣለን ብለዋል፣ ስምንት ናቸው፣ ዶሮው አልቋል፣ ያለን የቅርጫ ሥጋ ነው። ዶሮ ልድገም?

ባል ነኝ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ኧረ አትድገሚ፣ ሚዜ ምን ዶሮ ያውቃል። ጥብስና አዋዜ በቂያቸው ነው። ጥብሱን ባልሽ ይጥበስ።

ሳቢ፦
ሽንኩርቱንም ይላጥ። አምስቱንም።