ካርታ ለማዞር ጉቦ ተጠየቅን፤ ለማን ልናገር?

ማህደር ፈላጊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተናል። የቀረን የቤቱን ካርታ በእኛ ስም ማዞር ነው። ክፍለ ከተማ መመላለስ ከጀመርን አምስት ወር ሆነን። መጀመሪያ «ሲስተም የለም» ተባልን። ቀጥሎ «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው»። አሁን ደግሞ «ማህደሩ አልተገኘም»።

ባለፈው ሳምንት ከቢሮው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት አንድ ሰውዬ ጠራን። 80 ሺህ ብር ካዘጋጀን በሳምንት ያልቃል አለ። የገረመኝ ብሩ አይደለም። የማህደራችንን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። የወንድሜንም ስልክ ያውቃል። ወንድሜ ቱግ ብሎ ጮኸበት። ጥበቃው ፖሊስ ጠራ። የታሰረው ማን ይመስላችኋል? ወንድሜ! «ሁከት ፈጥሯል» ተብሎ ጣቢያ አደረ፤ በማግስቱ በመታወቂያ ዋስ ወጣ። መርማሪው ሲሸኘው «ከሰዎቹ ጋር ብትስማሙ ይሻላችኋል» አለው። የትኞቹ ሰዎች? እሱስ በምን አወቃቸው?

እናቴ «ከፍለን እንገላገል» ትላለች። እኔ ግን እልህ ይዞኛል። ለማን ልናገር? ብናገርስ ጭራሽ ማህደሩን አያጠፉብኝም?

አሽሙሬ፦
እህቴ ክፈይ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለው እኮ ሕዝቡ ራሱ ነው። ሐምሌ 2014 የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ዳታው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዟል። በካሜራ ፊት የወጣ ዕጣ! ያንቺ አንዲት ማህደር ምኗ ነው?

ከሜሪላንድ፦
እንዳትከፍሉ። እኔ ለዘመድ ውክልና ሰጥቼ፣ ዘመዴ ለጉዳይ ገዳይ ከፈለ። ከዚያ «ፈራሚው ኃላፊ ተቀየረ» ተባልን። አዲሱ ከዜሮ ጀመረ። ደረሰኝ የለ፣ የምከሰው ሰው የለ።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፦
ልጄ፣ 22 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ማህደር እግር የለውም። ከመደርደሪያ ሲወጣ የወሰደው ባለሙያ ይፈርማል። «አልተገኘም» ማለት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ «ማህደሬ የት ደረሰ?» እያልሽ በቃል አትጠይቂ። በቃል የጠየቅሽው በነጋታው የለም።

ማመልከቻ ጻፊ። አጭር ይሁን። የሟች ስም፣ የማህደር ቁጥር፣ የተመላለስሽባቸው ቀኖች። መጨረሻ ላይ «ማህደሩ በምን ቀን፣ በማን ፊርማ እንደወጣ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» በይ። መድኃኒቷ ይቺ መስመር ናት። በሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱን ሲቀበሉሽ ባንቺው ኮፒ ላይ ቀንና ቁጥር ጽፈው ማኅተም ይምቱልሽ። ያላስመታሽው ማመልከቻ እንዳልገባ ቁጠሪው። «ኃላፊው ሳይመራበት አንቀበልም» ካሉሽ ሄደሽ አስመሪውና ተመለሺ። ግልባጭ ለቅሬታ ሰሚ አድርጊ። «ግልባጭ» የሚለው ቃል ብቻውን ስንቱን መሳቢያ ሲያስከፍት አይቻለሁ።

የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ዋናውን ለማንም አትስጪ። አሳይተሽ አመሳክሪና ኮፒውን ስጪ። ግድግዳ ላይ የአገልግሎቱ ስታንዳርድ ከተለጠፈ ስንት ቀን እንደሚል በስልክሽ አንሺው። እኛ በጊዜያችን የምንፈራው እሱን የሚጠቅስ ባለጉዳይ ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔም «ነገ ተመለሱ» ብዬ ያስለቀስኩት ሰው አለ። ጉቦ ፈልጌ ሳይሆን ሰልችቶኝ። ባለጉዳዩ ግን ልዩነቱን በምን ያውቃል?

የሕግ ሰው፦
ጋሼ ያሉት ለማህደሩ ነው። የ80 ሺህ ብሩ ጥያቄ ግን ወንጀል ነው። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ ሰጪም ይጠየቃል። ለእናትሽ ይህን አስረጃቸው።

ለማን ላልሽው፣ የከተማው ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ፤ የፌዴራሉም አለ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው የሥነ ምግባር ክፍልም ጥቆማ ይቀበላል። ግን ሠራተኛው ደመወዝ የሚበላው እዚያው ስለሆነ እኔ ከውጭ ብትጀምሪ እመርጣለሁ። አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። የፌዴራሉ ኮሚሽን ድሮ ራሱ ይመረምር፣ ራሱ ይከስ ነበር። ከ2008 ወዲህ ምርመራው ለፖሊስ፣ ክሱ ለዐቃቤ ሕግ ሄዷል። ስለዚህ ነገሩ ከተመረመረ ዞሮ ዞሮ ፖሊስ እጅ ይገባል። ወንድምሽን ካሳደረው ጣቢያ ራቅ ማለቱ ግን ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

ስለ ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ማንነትን መደበቅንም ይጨምራል። ሁሉም ጥቆማ ግን አይሸፈንም፤ ቃልሽን ስትሰጪ በግልጽ ጠይቂ።

ሰውዬውን ቀርጸሽ ቲክቶክ ላይ እንዳትለቂ። በራስሽ ወጥመድም አትዘርጊ። እጅ ከፍንጅ መያዝ ካስፈለገ የብሩን ቁጥር መዝግበው የሚይዙት መርማሪዎች ናቸው። ሳይጠቁሙ ከፍሎ በኋላ «ላስይዘው ነበር» ማለት አያዋጣም። ለመጉላላቱ ብቻ ከሆነ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በነጻ ነው፤ በቃልም ያመለክታሉ። ዳኛ ግን አይደለም።

ሳጅን ነበርኩ፦
ፖሊስ ቤት 11 ዓመት ሠርቼ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ስደቡኝ፣ ከዚያ ስሙኝ። መርማሪው ያለው ነውር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። አንድ ሌሊት አሳድሮ መልቀቅ ግን ዳኛ ሳያየው ያልፋል። ለማስፈራራት የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ወንድምሽ የመዝገብ ቁጥሩን ይጠይቅ። በዋስ ስለወጣ መዝገቡ ሳይዘጋ ይሆናል። ያንን በኋላ ማስፈራሪያ ያደርጉታል። ቅሬታውን ከጣቢያው አዛዥ በላይ ላለው መምሪያ በጽሑፍ ያስገባ። የመርማሪው ስም ባይታወቅ እንኳ ቀኑና ሰዓቱ ይበቃል፤ ተረኛው ማን እንደነበር አይጠፋም።

አሽሙሬ፦
ፖሊስን ለፖሊስ መክሰስ? ጅብን ለጅብ በለኛ።

ሳጅን ነበርኩ፦
ሌላ ካለህ አምጣ።

ማህደር ፈላጊዋ፦
ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማመልከቻውን አስገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «በማን ፊርማ» የምትለዋን መስመር ሁለቴ አነበበቻት። ማኅተሙን እስክትመታልኝ ላብ አጠመቀኝ። በሦስተኛው ቀን ተደወለልን። ማህደሩ «ተገኝቷል»። የት እንደከረመ በጽሑፍ አልነገሩኝም። ልኬት ለማክሰኞ ተቀጥረናል።

ፀረ ሙስና ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ወንድሜ ግን አብሮኝ አልመጣም፤ ሁለተኛ ጣቢያ አላድርም አለ። አልፈርድበትም። እናቴ የዕቁቡን ብር ለይታ አስቀምጣለች፤ «እስቲ ማክሰኞን እንይ» ትላለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለልኬት የሚመጡት «የትራንስፖርት» ቢሉኝ ምን ልበል?

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፦
«ደረሰኝ አላችሁ?» በያቸው። ሻይ ግን አፍዪላቸው።