አጋቬዬን ውርጭ መታብኝ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱን እንዴት ላሳልፈው?

የጠባሴዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አስተማሪ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ዓይነት አጋቬ (እሬት የሚመስል፣ ቅጠሉ ወፍራም የሆነ ተክል) አለኝ። አንዱ ያ ሰማያዊ የሚመስለው፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሚወጋው፣ አጥር ላይ የምናየው ነው። ሁለተኛው እሾህ የለውም። ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ ከላይ ሲያዩት የፈካ አበባ ይመስላል። እህቴ ናት ከአዲስ አበባ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣችልኝ። ሦስት ዓመት ሆነው። ያኔ ከስኒ ብዙም አይበልጥም ነበር። አሁን በሁለት እጄ አልታቀፍ ብሏል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ስወጣ ሳሩ በአመዳይ ነጭ ብሏል። ውጭ ያደረው ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። ሰማያዊው ምንም አልሆነም። የለስላሳው የላይኞቹ ቅጠሎች ግን ውሃ የገባባቸው መስለው ብርሃን ያሳልፋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠቆሩና እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሱ። ስነካቸው ጣቴ ሰመጠ። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ ለካሁ። ግቢው መሃል ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ነው። በረንዳው ላይ ከዜሮ በላይ 2፣ ሳሎን ውስጥ 10።

ቤት ላስገባው ወይ? ማታ ማታ ከሰል ስለምናነድ ምድጃው አጠገብ ባደርገው ይሻለዋል? ጎረቤቴ ደግሞ ላስቲክ አልብሺው ትላለች። የተበላሸውን ቅጠልስ አሁን ልቁረጠው? ውሃ በየሁለት ቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል አዝኜለት።

የመሐል ሜዳው

እህቴ፣ አይዞሽ። እኛ መንዝ ላይ ከውርጭ ጋር ነው ያደግነው። መልሱን ግን ራስሽ ለክተሽ አግኝተሽዋል። ግቢው መሃልና በረንዳው መካከል 4 ዲግሪ ልዩነት አለ። በረንዳው እሳት የለውም፣ በርም የለውም። ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን የሞቀው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ ደመናው ይመልሰዋል። ለዚህ ነው ዳመናማ ሌሊት አመዳይ የማይጥለው። በህዳርና በታህሳስ ሰማዩ ሲጠራ፣ ነፋሱም ጸጥ ሲል፣ የሚመልሰው የለም። ጣሪያሽ ያንን የደመና ሥራ ነው የሠራልሽ። ስለዚህ ተክሉ ሰማይ እንዳያይ አድርጊ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ነው።

በረንዳው ካልበቃ አልብሺው። ላስቲክ ግን ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ነው ቀድሞ የሚቃጠለው፣ ውስጡም ላብ ያጠራቅማል። እኔ ሦስት እንጨት ዙሪያውን እተክልና አሮጌ ባና ከላይ ጣል አደርጋለሁ። ባናው ቅጠሉ ላይ አይረፍ፣ ጠርዙ ግን መሬት ይንካ። ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ነው የምንይዘው። ፀሐይ ስትገባ ታለብሺዋለሽ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትገፍፊለታለሽ። ባና ከሌለሽ ጆንያም ይሆናል። ቢጫ ጄሪካን ውሃ ሞልተሽ ቀን ፀሐይ ላይ አውለሽ፣ ማታ ከባናው ስር ብታስገቢለት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሙቀቱን ይሰጠዋል።

ብርድ እንደ ውሃ ነው፣ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል። ግቢሽ ተዳፋት ከሆነ የታችኛው ጥግ ላይ አታኑሪው።

ግብርና የተማረው

ከላይ ያለው በሙሉ ትክክል ነው። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነኝ። ጥቂት ልጨምር።

እሾህ የሌለው አጋቬ አቴኑዋታ የሚባለው ነው። ሰማያዊው አጋቬ አሜሪካና ነው። ሁለቱም የሜክሲኮ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አሜሪካና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ከዜሮ በታች 7 እና 8 ዲግሪ ገደማ ይችላል። አቴኑዋታ ከዜሮ በታች 2 ገደማ ላይ ቅጠሉ ይበላሻል። ስለዚህ ሰማያዊውን ተዪው፣ ጭንቀትሽን በሙሉ ለለስላሳው አድርጊው።

ውሃውን ዛሬውኑ አቁሚ። በጣም የምለምንሽ ይሄን ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ነው ሴሎቹ የሚፈርሱት። ውሃ የጠጣ ተክል ቶሎ ይመታል። እርጥብ አፈርና ብርድ ሲገናኙ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። እስከ ጥር መጨረሻ በወር አንዴ ይበቃዋል፣ እሱንም ጠዋት፣ አፈሩ ላይ ብቻ። እምብርቱ ላይ ውሃ አይቁም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትተክዪ ከአፈሩ ግማሽ ያህል ሬድ አሽ (ውሃ የሚያሳልፈውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ቀላቅዪበት።

ምድጃ አጠገብ አታድርጊው። አጋቬ አየር የሚስበው ሌሊት ነው። ቀን ቀዳዳውን ዘግቶ ውሃውን ይቆጥባል፣ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል። ቀዝቃዛ ሌሊት ይስማማዋል፣ የማይችለው በረዶ መሆንን ነው። ለናንተም ቢሆን ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አታሳድሩ። ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል። እባክሽ።

ቦታ ስትመርጪ ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነውን ግድግዳ ምረጪ። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውልና ማታ ይመልስለታል። ቤት ካስገባሽው ግን ሲወጣ ቀስ በቀስ ይሁን፣ መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ። የኛ አገር ፀሐይ ከፍታው ላይ ጠንካራ ስለሆነ ድንገት ከወጣ ቅጠሉ ነጭ እየሆነ ይቃጠላል።

ቅጠሉን አሁን አትቁረጪ። ለታችኞቹ ልብስ ነው። የውርጩ ወቅት ሲያልፍና ደርቆ እንደ ገለባ ሲሆን ትቆርጪዋለሽ። እምብርቱ ጠንካራና አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ አልሞተም።

ከሸዋ ሮቢት

እኛ ጋ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ስትወርጂ ኮቱን ታወልቂያለሽ፣ እዚህ ስትደርሺ ጥላ ትፈልጊያለሽ። ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ የተከልኩት ከሰዓት ፀሐይ ላይ ውሎ ሥሩ ተቀቀለብኝ። አሁን ሸክላ ውስጥ አድርጌ ማንጎው ስር አኑሬዋለሁ፣ ደህና ነው። አቴኑዋታ ከግንዱ ሥር ልጅ ያወጣል። ስታወጣ አንዷን ነቅለሽ ቆላ ላለ ሰው ስጪ። እናቲቱ አንድ ሌሊት ብትመታ ዘሩ አይጠፋብሽም። እኔ እቀበልሻለሁ።

የጠባሴዋ (ጠያቂ)

ጥር ገብቷል፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ውሃ አቆምኩ። ደቡብ በኩል ግድግዳው ሥር፣ ሁለት ብሎኬት ላይ አወጣሁት። የአባቴን አሮጌ ባና ከቁም ሳጥን አወረድኩ። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ ግን ማታ ማታ አብራኝ ታለብሰዋለች። ታህሳስ ላይ አንድ ሌሊት ውጭው ከዜሮ በታች 3 ሲወርድ ከባናው ስር ከዜሮ በላይ 1 ነበር። ሁለቴ ለካሁት፣ አላመንኩም ብዬ። አንድ ምሽት የፈተና ወረቀት ሳርም ረስቼው አደርኩ። በዚያ ሌሊት ብቻ ሁለት ቅጠል ጫፉ ጠቆረ።

እምብርቱ ጠንካራ ነው። ትናንት አንድ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎበት ከነበረው ተፈልቅቋል፣ የሌሎቹ እሾህ የሌለው ጫፍ ጀርባው ላይ ታትሞበታል። ከግንዱ ሥር ደግሞ የትንሽ ጣቴን ያህል ልጅ ብቅ ብላለች። ሚያዝያ ላይ ሥር ስትይዝ ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርደው እሷ ናት።