ለክረምት ቲማቲምና ጎመን ማቆየት፦ ማድረቅ ወይስ አብስሎ ሃይላንድ ውስጥ ማስቀመጥ?

የማርቆስ ጓሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። በ4 በ5 ሜትር ጓሮ ላይ ቲማቲም፣ ጎመንና ካሮት ደርሷል። ቲማቲሙ በአንድ ጊዜ ቀልቶ በልተን የምንጨርሰው አይደለም። ሰኔ ከገባ ደግሞ ጭቃው ገበያ መውጣትን ያከብዳል፣ ቲማቲምም ይወደዳል። ቤት ውስጥ የ10 ወር ሕፃንና የ3 ዓመት ልጅ አሉ፤ ማቀዝቀዣ የለም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ቲማቲሙን ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አቁላልቼ ሃይላንድ ውስጥ ብሞላው፣ ከላይም ዘይት ባደርግበት እስከ መስከረም ይቆያል? ጎመን ፀሐይ ላይ ሳደርቅ ቢጫ ሆኖ የደረቀ ሣር የሚሸተው ለምንድን ነው? የደረቀውን አትክልትስ ለሕፃኑ ገንፎ ላይ ማድረግ ይቻላል? ልክና መጠን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ዳሞት፦

እታለም፣ የሃይላንዱን ነገር ፈጽሞ እንዳትሞክሪው። ዘይቱ ሻጋታ እንዳይወጣ ይከለክል ይሆናል እንጂ ምግቡን አያድነውም። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ የሚመቸው አየር የማያገኝበት ቦታ ነው፤ ከዘይት በታች ያለው ቁሌት ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም ሳይቀይር ሊኖር ስለሚችል ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። የቲማቲም ኮምጣጣነት በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል፤ ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲገቡበት ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ በጣም የበሰለ ቲማቲም ደግሞ ከመጀመሪያውም ኮምጣጣነቱ አነስተኛ ነው። ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ዘር በ100 ዲግሪም ስለማይሞት ብዙ ማፍላትሽ አይረዳም። ላስቲኩም ትኩስ ሲሞላበት ይጨማደዳል፤ አቀዝቅዘሽ ብትሞይው ደግሞ ያፈላሽው ሁሉ እንደገና ይበከላል።

ስለዚህ አድርቂው። ረዘም ያለውንና ሥጋው ወፍራም የሆነውን ቲማቲም ምረጪ፤ የተሰነጠቀና የተመታ ቢሆን ለዕለት ወጥ አውዪው። አጥበሽ ለሁለት ክፈይ፣ ዘሩንና ውሃውን በማንኪያ አውጪ፣ ከዚያ ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ክተፊ። መቀቀል አያስፈልገውም። ለሕፃኑ የሚሆነውን ጨው አትንኪው፤ የቤተሰቡን በኪሎ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ብትነሰንሽበት ውሃውን ቶሎ ይለቃል። በሰፌድ ላይ ሳይደራረብ በአንድ ረድፍ ዘርግተሽ፣ ከመሬት ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጪው፤ ከስር ንፋስ ማለፍ አለበት። ቆርቆሮ ላይ በቀጥታ አትዘርጊው፣ ኮምጣጣው ከብረቱ ጋር ይቀላቀላል። ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጆንያም ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጤዛው ሲለቅ አውጪ፣ 11 ሰዓት ላይ አስገቢ። በቀን ሁለቴ አገላብጪ። ፀሐይ ጥሩ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ቀን ይፈጃል። 10 ኪሎ ቲማቲም ከ600 እስከ 700 ግራም ቢወጣው ነው፤ ስለዚህ ብዙ ዕቃ አትፈልጊም። መድረሱን የምታውቂው ሲታጠፍ እንደ ቆዳ ሆኖ በጣት ሲጨመቅ ምንም እርጥበት ካላወጣ ነው። ዱቄት ልታደርጊው ከሆነ ግን ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ቆዪ።

ጎመን በቤት፦

ዳሞት ስለ ቲማቲም ያለው ልክ ነው። ጎመንና ካሮት ግን በሌላ መንገድ ነው የሚደርቁት። ብርሃን የቫይታሚን ኤውን መነሻ፣ ካሮቲን የሚባለውን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያገኝበት ቦታ ነው የሚደርቁት። የቤቱ ጣሪያ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚጋርድበት ቦታ ይበቃል።

ቢጫ የሆነውና ሣር የሸተተሽ በጎመኑ ውስጥ ያሉት፣ ቀለሙንና ጠረኑን የሚለውጡት ኢንዛይሞች ሥራቸውን ስላላቆሙ ነው፤ የሚያስቆማቸው የፈላ ውሃ ነው። በፈላ ውሃ ሳይነከር የደረቀ ጎመን ከደረቀ በኋላም ቢሆን ቀለሙንና ጠረኑን ያጣል። ስለዚህ 1 ኪሎ ቅጠል ለ5 ሊትር የፈላ ውሃ፦ ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ 3 ደቂቃ ያህል፤ ዝቅ ያለ ቦታ 2 ደቂቃ ይበቃል፣ የኛ ውሃ ግን ቀዝቀዝ ባለ ዲግሪ ስለሚፈላ ጨምሪ። ወዲያው አውጥተሽ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንዴ ንከሪና አጥልዪ። ግንዱን ቀድመሽ ለይው። ቅጠሉ በ2 ቀን ይደርቃል፣ ግንዱ ግን ያን ጊዜም ውስጡ እርጥብ ነው፤ ሻጋታም ከዚያ ነው የሚጀምረው። ቅጠልና ግንድ መለየት ለ3 ዓመት ልጅ የሚሆን ሥራ ነው፣ ቢላ የለበትም።

ካሮት ተልጦ በ3 ሚሊሜትር ውፍረት ይከተፋል፣ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይነከራል። 10 ኪሎ ካሮት ሲደርቅ ከ1 ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ለዝንብ መከላከያ ስስ ሻሽ ወይም ንጹሕ ያረጀ ነጠላ ይዘረጋል። አጎበር አይሆንም። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው አጎበር በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ምግብ ላይ መዘርጋት የለበትም። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

በአንድ ቀን ከ3 ኪሎ በላይ አትጀምሪ። የፈላ ውሃ፣ ቢላና የሚድህ ልጅ በአንድ ላይ አይሆኑም። የሚከተፈውን ሕፃኑ ሲተኛ ከትፈሽ፣ የሚነከረውን ሌላ ሰው ልጁን በያዘበት ሰዓት አድርጊ።

ሲደርቅ ወዲያው አትክደኚው፤ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙዪ፣ ክደኚና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅንቂው። መስታወቱ ላይ ጤዛ ካየሽ አልደረቀም ማለት ነው፣ ይመለስ። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ በቀረው የምጣድ ሙቀት ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማገላበጥ የመጨረሻውን እርጥበት ያወጣል። ለብ ያለ ምጣድ ነው የምልሽ፤ ከጋለ ቅጠሉ ያርራል። ጨለማ ቦታ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፤ የክረምት ግድግዳ ያልባል። በወር አንዴ ክፈቺና እዪ።

የሕፃን ገንፎ፦

ለሦስተኛው ጥያቄ። የደረቀ ጎመንና ካሮት ለ10 ወር ልጅ ይሆናል፣ ግን ሁልጊዜ አብሮ መፍላት አለበት። ሜዳ ላይ የደረቀ ነገር ከአቧራና ከዝንብ ነጻ አይደለም፤ የበሰለ ገንፎ ላይ ከላይ መነስነስ አይፈቀድም። ጎመኑን ፈጭተሽ በቀጭን ወንፊት ንፊው፣ ለአንድ ምግብ 1 የሻይ ማንኪያ ጨምሪና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፍላ።

ለዱቄቱ 3 እጅ እህል፣ ለምሳሌ ጤፍ፣ ገብስ ወይም እንግዶ፣ 1 እጅ ደግሞ ተቆልቶ የተከካ ሽምብራ ወይም አተር። ለአንድ ጊዜ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ለ200 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተት ወይም ውሃ። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ መሆን አለበት፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ወፍራሙን መዋጥ ካቃተው የሚረዳ ነገር እቤት ውስጥ አለ፦ ለጠላ ከሚዘጋጀው ብቅል፣ ሻጋታ የሌለው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዱቄት። ገንፎው ለብ ሲል ጨምረሽ አማስይው፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይቀጥናል፤ ከዚያ እንደገና አፍዪው። በዚህ መንገድ ዱቄቱን ወደ 4 ማንኪያ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ካሮቲን ያለ ስብ ስለማይዋጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ይግባ። የጎመን ብረት ደግሞ ለሰውነት በቀላሉ አይገኝም፤ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይረዳዋል፣ ሻይ ግን ይከለክለዋል። ለሕፃን ሻይ አትስጪ። ጎመን ብቻውን አይበቃም፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ወይም የተፈጨ ሥጋ በተገኘ ቁጥር ይጨመር። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ግማሽ ኩባያ፣ ጡትም ይቀጥላል። ማር ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አይሰጥም፤ ዳሞት ያለው ባክቴሪያ ዘሩ ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ የሕፃን አንጀት ደግሞ አይቋቋመውም። ገንፎ ላይ ማር ማድረግ እዚህ አገር የተለመደ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ለ3 ዓመቱ ደግሞ የደረቀ ካሮት እንዲያኝክ አትስጪው፣ ያንቀዋል። ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒም እንደዚያው።

የማርቆስ ጓሮ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ቲማቲሙን ጀምሬ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ደመና ሆነና ተጣበቀ፣ ጠረኑም ትንሽ ኮመጠጠ። ይጣል ወይስ ይደርቃል? ደግሞስ ካሮቱ ከተነቀለበት መደብ ላይ ምን ልዝራ?

ዳሞት፦

መኮምጠጥ ጀምሮ ከሆነ መፍላት ጀምሯል፤ የሚያዳልጥ ወይም ነጭ ፀጉር ያወጣውን ጣይው፣ አብሮት ያለው ሌላው ቁራጭም ቢሆን ለሕፃኑ አይሁን። ገና ደህና የሚሸተውን በቀጭኑ ክተፊና ምጣዱ ለብ ሲል በትንሽ በትንሹ አድርቂው። ዳመና ሲታይሽ አዲስ አትጀምሪ። መጋቢት ላይ በልግ ብቅ ስለሚል የጠዋቱን ሰማይ አይቶ መቁረጥ ነው። አስተማማኙ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ቲማቲምሽ በዚያ ወራት እንዲደርስ አድርገሽ ዝሪ።

ጎመን በቤት፦

መደቡ ላይ ጎመን ድገሚ፣ በ40 ሳንቲሜትር ርቀት። የታችኛውን ቅጠል እየቆረጥሽ ላዩ ላይ 5 ወይም 6 ቅጠል ከተውሽለት ክረምቱን ሙሉ ትበያለሽ። የጎጃም ደጋ አፈር ብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው፤ ለ1 ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ የምድጃ አመድ በትነሽ ከመዝራትሽ 2 ሳምንት በፊት አዋህጂው። የላስቲክና የድንጋይ ከሰል አመድ አይግባ። አመዱን ከእርጥብ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አትቀላቅዪ፤ የፍጉ ናይትሮጅን በጋዝ መልክ ይወጣል። ክሽክሽ፣ ቅጠሉን የሚመጠው ትንሹ ተባይ፣ ሲበዛበት በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርገሽ የቅጠሉን ስር እርጪው፣ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ እጠቢው። ልጆች ከሚበሉት ቅጠል ላይ የገበያ መድኃኒት ከመርጨት ይህ ይሻላል።