የ«ኤክስ·ፒ − ፒ·ኤክስ» ትሬስ ዜሮ መሆን አልነበረበትም?

የፊዚክስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ኳንተም ሜካኒክስ ጀምረናል፤ አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

ገና ከጅምሩ የተሰጠን ቀመር ይሄ ነው፦ ኤክስ·ፒ − ፒ·ኤክስ = አይ·ኤችባር። ኤክስ ቦታ ነው፣ ፒ ደግሞ ሞመንተም፤ አይ የ−1 ስኩዌር ሩት፣ ኤችባር ደግሞ የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለ2 ፓይ ሲካፈል ነው። መምህራችን «ኦፕሬተርን እንደ ማትሪክስ አስቡት» አሉን። እሺ ብዬ አሰብኩት። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

አምና ሊኒየር አልጀብራ ላይ አንድ ነገር አረጋግጠናል። ሀ እና ለ ማንኛውም ስኩዌር ማትሪክሶች ቢሆኑ፣ የሀለ ትሬስ (የዋናው ዲያጎናል ቁጥሮች ድምር) ከለሀ ትሬስ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የቀመሩ ግራ ጎን ትሬሱ የግድ ዜሮ ነው። ቀኙ ግን አይ·ኤችባር በአይደንቲቲ ማትሪክስ የተባዛ ነው። ማትሪክሱ 5 በ5 ከሆነ ትሬሱ 5 አይ·ኤችባር ይመጣል። ታዲያ ዜሮ እንዴት ከዚህ ጋር እኩል ይሆናል?

ክላስ ውስጥ ስጠይቅ «ለፈተና አያስፈልግሽም» ተባልኩ። እኔ ለፈተና ብዬ አልጠየቅኩም። ሴሚስተሩ በሙሉ የቆመው በዚህ ቀመር ላይ ነው፤ እሱ ሳይገባኝ ወደፊት መሄድ አልፈልግም።

ሁለተኛም አለኝ። የሞመንተም አይገንፈንክሽን (ፒ ሲሠራበት በቁጥር ብቻ የሚባዛ ፈንክሽን) ተብሎ የተሰጠን ኢ በ«አይ·ኬ·ኤክስ» ፓወር ነው። የእሱ አብሶሉት ቫልዩ ስኩዌር የትም ቦታ 1 ነው። ከዳር እስከ ዳር ኢንቲግሬት ሲደረግ ኢንፊኒቲ ይሆናል። ኖርማላይዝ የማይሆን (ጠቅላላ ዕድሉን 1 ማድረግ የማይቻል) ነገር እንዴት የፓርቲክል ስቴት ይባላል?

ተመራቂው፦
ማትሪክሶቹ ማለቂያ የላቸውም። የትሬሱ ሕግ የሚሠራው መጠኑ ለተወሰነ ማትሪክስ ብቻ ነው። በቃ ይሄው ነው።

የፊዚክስ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ ግን አልረካሁም። ሕጉ የሚሰበረው የቱ ጋ ነው? ቦታውን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

የማትሱ መምህር፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። ያገኘሽው ተቃርኖም እውነተኛ ነው። እንዲያውም አንድ ነገር አረጋግጠሻል፦ ይህን ቀመር የሚያሟሉ ሁለት ውስን ማትሪክሶች በዓለም ላይ የሉም። 5 በ5 ይሁን ሚሊዮን በሚሊዮን ለውጥ የለውም።

አሁን ቦታውን ላሳይሽ። ወረቀት አውጪ። ሃርሞኒክ ኦሲሌተር ላይ የምትማሩትን ሎወሪንግ ኦፕሬተር ሀ እንበለው፣ ሬይዚንጉን ለ። የሁለቱ ኮሚውቴተር፣ ማለትም ሀለ − ለሀ፣ 1 መሆን አለበት። ይሄ የአንቺው ቀመር ነው፤ አይ·ኤችባር ወጥቶለት ነው እንጂ።

ማትሪክሱን 4 በ4 ላይ ቁረጪው። ሀ ከዋናው ዲያጎናል አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ 1፣ የ2 ስኩዌር ሩት፣ የ3 ስኩዌር ሩት አለው። ሌላው ሁሉ ዜሮ ነው። ለ የእሱ ትራንስፖዝ ነው። አባዢያቸው። የሀለ ዲያጎናል 1፣ 2፣ 3፣ 0 ይመጣል። የለሀ ደግሞ 0፣ 1፣ 2፣ 3። ቀንሺ፦ 1፣ 1፣ 1፣ −3።

አየሽው? ሦስቱ ልክ እንደ ቀመሩ 1 ናቸው። የመጨረሻው ጥግ ላይ ግን −3 ተቀምጣለች፤ ድምሩን ዜሮ የምታደርገው እሷ ናት። 100 በ100 ብታደርጊው 99 ጊዜ 1 ይመጣና ጥጉ ላይ −99 ይሆናል። የትሬስ ሕግ ዕዳውን ሁልጊዜ ከጥጉ ይሰበስባል። ማለቂያ የሌለው ማትሪክስ ግን ጥግ የለውም። የሀለ ዲያጎናል 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ይቀጥላል፤ የለሀም 0፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ። ሁለቱም ትሬሶች ኢንፊኒቲ ናቸው። ኢንፊኒቲን ከኢንፊኒቲ ቀንሶ «ዜሮ ነው» ማለት አይቻልም። ሕጉ የሚሰበረው እዚህች ጋ ነው።

ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ብዙ ተማሪ የማይነገረው ቀጣዩ ነው። ማትሪክሱ ማለቂያ የሌለው መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከኤክስና ከፒ ቢያንስ አንዱ ወሰን የለሽ ኦፕሬተር፣ ማለትም ስቴትን የሚያተልቅበት መጠን ጣሪያ የሌለው፣ መሆን አለበት። ይህን መጀመሪያ የሒሳብ ሊቁ ዊንትነር እ.ኤ.አ. በ1947፣ ከዚያ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ቪላንት በ1949 አረጋግጠዋል። የቪላንት ማረጋገጫ አጭር ስለሆነ አብረን እንሥራው።

ከቀመርሽ ተነስተሽ የኤክስን ኮሚውቴተር ከፒ ስኩዌር ጋር አስዪ፤ 2 አይ·ኤችባር ፒ ይመጣል። ከፒ ኪዩብ ጋር፣ 3 አይ·ኤችባር ፒ ስኩዌር። በጥቅሉ ፓወሩ ነ ሲሆን፣ ነ እጥፍ አይ·ኤችባር ሲባዛ በፒ ፓወር ነ ሲቀነስ 1 ነው። አሁን ሁለቱም ወሰን አላቸው እንበልና የሁለቱንም ጎን ኖርም (ኦፕሬተሩ ስቴትን የሚያተልቅበትን ከፍተኛ መጠን) ውሰጂ። የጋራውን ስታጣፊ የሚቀረው ይሄ ነው፦ ነ እጥፍ ኤችባር ከ2 × (የኤክስ ኖርም) × (የፒ ኖርም) አይበልጥም። ቀኙ ቋሚ ቁጥር ነው። ነ ግን የፈለግሽውን ያህል ይተልቃል። ስለዚህ አይሆንም ማለት ነው።

ወሰን የለሽ ኦፕሬተር ደግሞ በሁሉም ፈንክሽን ላይ አይሠራም። ምሳሌ፦ 1 ሲካፈል ለ(1 + |ኤክስ|)። ስኩዌሩን ከዳር እስከ ዳር ኢንቲግሬት አድርጊው፣ 2 ይመጣል። ጤነኛ ስቴት ነው። በኤክስ ስታባዢው ግን ሩቅ ላይ ወደ 1 እና −1 ይጠጋል፤ ኢንቲግራሉም ኢንፊኒቲ ይሆናል። ከሂልበርት ስፔስ (ኖርማላይዝ ከሚሆኑት ፈንክሽኖች ስብስብ) ወጣ ማለት ነው። ለዚህ ነው እኛ ማትስ ክፍል ያለን ሰዎች «ዶሜይኑ የት አለ?»፣ ማለትም ኦፕሬተሩ የሚሠራው በየትኞቹ ፈንክሽኖች ላይ ነው፣ እያልን የምንጨቀጭቀው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከዚሁ ቤት ነው። ያ ፈንክሽን እውነተኛ ስቴት አይደለም፤ ሂልበርት ስፔስ ውስጥ የለም። እውነተኛው ስቴት ብዙ ኬዎችን በኢንቲግራል ደምረሽ የምትሠሪው ዌቭ ፓኬት ነው፤ እሱ ኖርማላይዝ ይሆናል። የፋሪየር ትራንስፎርም ሥራም ይሄው ነው። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የተከማቸው የዲራክ ዴልታም እንዲሁ ነበር፤ ሎራን ሽዋርትዝ በ1940ዎቹ የዲስትሪቢውሽን ቲዎሪን ሲሠራ ነው ትክክለኛ ቦታ ያገኘው። በ1950 ፊልድስ ሜዳል የተሸለመውም በዚሁ ሥራው ነው።

ከጀርመን፦
መምህር፣ ግሩም ነው። ቀመሩ መጀመሪያም የመጣው በማትሪክስ መንገድ መሆኑን ልጨምር። በ1925 ሃይዘንበርግ እንግዳ የሆነ የማባዣ ሕግ ይዞ መጣ። ማክስ ቦርን አይቶ ይሄ የማትሪክስ ማባዛት ነው አለ፤ ከዮርዳን ጋር ሆኖም በዚያው ዓመት ጽሑፉን አወጣ። ጎቲንገን ከተማ የቦርን መቃብር ድንጋይ ላይ ራሱ ቀመሩ ተቀርጿል። ሂልበርት ስፔስ በስሙ የሚጠራለት የሒሳብ ሊቁ ሂልበርትም የተቀበረው እዚያው መካነ መቃብር ውስጥ ነው። እህታችን፣ አንቺን ያስጨነቀሽ ቀመር ለሰውየው መቃብር የበቃ ነው።

የፊዚክስ ልጅ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 4 በ4ቱን በእጄ ሠራሁት፣ ልክ እንዳሉት −3 መጣ። 10 በ10 ደግሞ በፓይተን ሞከርኩ፤ ዘጠኙ 1 ሆኑ፣ ጥጉ −9። ለጓደኞቼም አሳየኋቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ግድግዳ ባለው ሳጥን ውስጥ ላለ ፓርቲክል ኤክስ ከ0 እስከ ኤል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኤክስ ወሰን አለው። ታዲያ ሸክሙ በሙሉ ፒ ላይ ወደቀ ማለት ነው?

የማትሱ መምህር፦
በትክክል። ሳጥኑ ውስጥ ወሰን የለሹ ፒ ብቻ ነው። ዌቭ ፈንክሽኑ ሁለቱም ግድግዳዎች ላይ ዜሮ ይሁን ካልሽ ደግሞ ፒ ሲሜትሪክ ይሆናል እንጂ ሰልፍ-አድጆይንት አይሆንም (የእሱና የአድጆይንቱ ዶሜይን እኩል አይሆኑም)። ሳይኑን ወስደሽ በፒ ምቺው፤ ኮሳይን ይወጣል፣ ኮሳይን ደግሞ ግድግዳው ላይ ዜሮ አይደለም። ፒ ስኩዌርን ግን ሳይኖቹ ላይ ሞክሪው፤ ሳይን ራሱ ይመለሳል። ኢነርጂው ንጹህ አይገንቫልዩ ያለው ለዚህ ነው። ሰልፍ-አድጆይንት የሚለውን አንብበሽ ስትጨርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።