ቀለሙ አልለወጥ ያለን ቀይ ሥር

ጤና ይስጥልኝ። በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የኬሚስትሪ አሠልጣኝ ነኝ። የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራንን በአካባቢ ቁሳቁስ ሙከራ አሠራለሁ፤ የብዙዎቹ ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝን በቀለም ለውጥ የሚለይ የሊትመስ ወረቀት እንኳ የለውም።

ባለፈው ሳምንት ቀይ ሥር ቀቅለን ውሃውን አጠለልንና አሲድና ቤዝ ልንለይበት ሞከርን። አሲድ የሆነውን ሎሚ ጨመቅንበት፤ ቀይ። ቤዝ የሆነውን የሳሙና ውሃ ጨመርንበት፤ ያው ቀይ። 30 መምህራን ዓይናቸውን ብርጭቆው ላይ ተክለው ነበር። አንዷ፣ “ተማሪዎቻችን ፊት እንዲህ ቢሆንብን ምን እናድርግ?” ብላ ጠየቀችኝ። በቂ መልስ አልሰጠኋትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኋላ ሳነብ የቀይ ሥር ቀለም ወደ ቢጫ የሚለወጠው በጣም ጠንካራ በሆነ ቤዝ ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። እንዲህ ያለውን ቆዳ የሚያቃጥል ቤዝ፣ ለምሳሌ ኮስቲክ ሶዳን፣ ደግሞ ሕፃናት እጅ ላይ አላስቀምጥም። ቀይ ጥቅል ጎመን ጥሩ ይሠራል፤ ግን እኛ ገበያ አይገኝም።

አሁን ያሰብኩት የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የቀይ ጽጌረዳ አበባ ወይም ከርከዴ ነው። በክፍል ውስጥ የሞከራችሁ ባልደረቦቼ፣ በሎሚና በሳሙና ውሃ ከሩቅ የሚታይ ልዩነት የሰጣችሁ የትኛው ነው? በምን ያህል ውሃ ቀቀላችሁት? ሳይበላሽስ ስንት ቀን ቆየላችሁ? ለዚያች መምህርት ጥያቄ የምትሰጡት መልስ ካለም እባካችሁ ንገሩኝ። ሐሙስ እንደገና እንገናኛለን።